የሲሳይን ንፍፊት ይዤ ወደ መርሳ

ወሎን ያላየ ሰው ይህን ሲያነብ ስለ ሐይቁ፣ ስለ ገዳማቱና ስለ ዘፈኑ አወራለታለሁ ብሎ እንዳይጠብቅ ከወዲሁ ልንገረው። እኔ የሄድኩት አንዲት የሰው ቁራጭ ሥጋ በቦርሳዬ ይዤ፣ ያበላሸሁትን ላስተካክል ነበር። ከተመለስኩ ወራት አልፈዋል። የተስተካከለውና ሳይስተካከል የቀረው ከሞላ ጎደል ስለታወቀ አሁን መጻፍ እችላለሁ።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ላቦራቶሪ ነው። ሐኪሞች ከሰው ገላ ቆርጠው የሚልኩትን ሥጋ በሰም አሽጋለሁ፤ ከፀጉር በቀጠነ ልክ እየላጥኩ መስታወት ላይ አነጥፋለሁ፤ ቀለም አጠጣዋለሁ። በማይክሮስኮፕ አይቶ የሚፈርደው ሐኪሙ ነው። የሰዎቹን ፊት አላይም። አምና አንድ ብልቃጥ መጣ፤ “ሲሳይ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ወልድያ፣ የአንገት ንፍፊት” ይላል። እኛ አገር የአንገት ንፍፊት ሲያብጥ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነት ይሆናል። ሲሳይ ግን ስምንት ወር የቲቢ መድኃኒት ወስዶ እብጠቱ ብሶበታል።

ሐኪማችን ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆየና “ነይ እዪ” አለኝ። በትንንሾቹ ሴሎች መሐል ትልልቅ፣ ጥንድ ዓይን ያላቸው የሚመስሉ ሴሎች ተበትነው ነበር። የንፍፊት ካንሰር ነው፤ ሊምፎማ ይሉታል። ከካንሰሮች ሁሉ በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ከሚሸነፉት አንዱ ይሄኛው ነው። ሐኪሙ ተጨማሪ ቀለም አዘዘ። እነዚያ ትልልቅ ሴሎች ቡናማ ሆነው ወጡ። በውስጣቸው አንድ ቫይረስ አድፍጧል ማለት ነው። ውጤቱ በእንግሊዝኛ በሁለት መስመር ተጻፈ። በመጀመሪያው መስመር የካንሰሩ ስም አለ። በሁለተኛው የቫይረሱ ስም፣ ከጎኑም “ፖዘቲቭ”።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። “የሲሳይ ቤተሰብ ነኝ፤ መንገድ ተዘግቶብን መምጣት አልቻልንም፤ እባካችሁ በቴሌግራም ላኩልን” አለኝ አንድ ወንድ። ደንባችን ውጤት ለታማሚው ወይም ለሐኪሙ ብቻ ይሰጣል ይላል። ስልኩ በጥያቄው ወረቀት ላይ የተሞላው ቁጥር ነበር። ማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩትም። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። “ደርሶናል፣ እግዜር ይስጥልን” ብሎ መለሰ። ቦርሳዬን አንስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በስድስተኛው ወር ናሙናውን የላከው የወልድያ ሐኪም ደወለ። “የሲሳይን ውጤት ጨርሳችሁ ነበር እንዴ?” አለኝ። “ሰውዬው እስካሁን ወደ እኔ አልመጣም፤ ስልኩም አይነሳም። ከሰው የምሰማው ወሬ ደግሞ ደስ አይልም።”

“ለቤተሰቡ ልኬው ነበር፤ አሁን ራሴ ይዤው እመጣለሁ” አልኩትና በሥራ ቦታዬ ለማንም ሳልናገር የዓመት ፈቃድ ሞላሁ።

ሰኞ

አውቶቡሱ በማለዳ ተነሳ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ የውጤቱ ወረቀትና በጥጥ የጠቀለልኳት የፕላስቲክ ሣጥን አሉ፤ ሣጥኗ ውስጥ የሲሳይ ንፍፊት በሰም ታሽጎ ከነመስታወቶቹ ተቀምጧል። ሕክምና የሚጀምርለት ሐኪም ማየቱ አይቀርም ብዬ ነው።

ደብረ ሲናን ከወረድን በኋላ ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተሰለፍን። አንድ ወጣት ወታደር ቦርሳዬን በረበረና ሣጥኗን ወደ ፀሐይ አነሳት።

“ይሄ ምንድነው?”

“የሰው ንፍፊት ነው።”

ቀና ብሎ አየኝ። “የማን?”

“የማላውቀው ሰው።”

በሁለት ጣቱ ይዞ ቦታዋ መለሳትና ጣቶቹን ሱሪው ላይ ጠረገ። ከኋላዬ የተሰለፉት፣ አጠገቤ ይቀመጡ የነበሩት ሴትዮ ከዚያ በኋላ እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ወንበር ቀይረው ተቀመጡ። ያኔ ሳቅኩ። በምን እንደሳቅኩ የገባኝ በሦስተኛው ቀን ነው።

ሸዋ ሮቢት አለፍ ብለን ጎማ ፈነዳ። ተጠባባቂው ጎማም የተነፈሰ ሆኖ ተገኘና ዛፍ ጥላ ሥር ሦስት ሰዓት ቆየን። ስለዚህ ደሴ ሳንደርስ ኮምቦልቻ አደርን። በዚያ ወር እኛ ቤት በሁለት ብርድ ልብስ ነው የሚተኛው፤ ኮምቦልቻ አንሶላውም ይከብዳል። ላስቀምጣት የምችለው ቀዝቃዛ ቦታ ስላጣሁ ሣጥኗን ከአልጋው ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ አደረግኳት። ሰሙ እንዳይቀልጥ ሁለቴ ተነስቼ ዳሰስኳት። በዚያ ሙቀት እንደማይቀልጥ ሥራዬ ስለሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ዳሰስኳት።

ማክሰኞ

ከደሴ ሐይቅ፣ ከሐይቅ ውጫሌ፣ ከዚያ መንገዱ ወደ ሙቀቱ ይወርዳል። መርሳ ላይ ሾፌሩ ምሳውን ሊበላ አቆመና ማንጎ በሳፋ የተሸከሙ ሴቶች መስኮቶቹን ከበቡ። የእኛ ሰፈር ሱቅ ማንጎ እንደ ወርቅ ተመዝኖ፣ ግማሹም ጥሬ ሆኖ ነው የሚሸጠው። እዚህ ሻጯ የገዛሁትን ከሰጠችኝ በኋላ ሁለት ጨምራ በመስኮቱ ወረወረችልኝ፤ “እንግዳ ነሽ፣ ፊትሽ ያስታውቃል” አለችኝ። እጄ እስከ ክንዴ እየተጨማለቀ በላሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ልፈልገው የመጣሁት ሰው በዚያች ሰዓት ከእኔ የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ እንደነበረ አላውቅም። ወረቀቱ ወልድያ ስለሚል ወደ ወልድያ ቀጠልኩ፤ በሲሪንቃ የእርሻ ምርምሩን የማሽላ መደቦች እያየሁ፣ እዚያ እንኳ እያንዳንዱ መደብ ፊት ስሙ በትክክል ተጽፎ መቆሙን እያሰብኩ።

ወልድያ ያረፍኩባት አልቤርጎ ባለቤት ዘሐራ ይባላሉ፤ ስልሳ የሚጠጉ፣ ድምፃቸው ጎርነን ያለ ሴት ናቸው። ውሃ ጠፍቶ ነበር። “አብሽሪ” አሉኝና ከራሳቸው ቤት አንድ ጀሪካን አስመጥተው እጄን፣ ፊቴንና እግሬን ራሳቸው አስታጠቡኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ሆቴል አድሬያለሁ፤ እግሬን ያጠበኝ የለም።

ረቡዕ

ሐኪሙ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ነው። ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው።

“ይሄ እኮ የሚታከም ነው!” አለ።

“አዎ።”

“መቼ ነው የላካችሁት?”

“ከስድስት ወር በፊት።”

ወረቀቱን አጠፈው። ከዚያ የሚያውቀውን ነገረኝ። ሲሳይ መርሳ አካባቢ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ እየተመላለሰ የኤችአይቪ ምርመራ ማስደረጉን ሰምቷል። ለምን እንደሆነ ግን አልገባውም።

ለእኔ እዚያው ወንበር ላይ ገባኝ። በአማርኛችን ቫይረስ ስንል አንዱን ነው የምናስበው። ፖዘቲቭ ስንልም አንዱን። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም ቃላት ጎን ለጎን አሉ፤ ፎቶ አንስቼ የላክሁት እኔ ነኝ።

በቁጥሩ ደወልን። ያ ወንድ አነሳ። ሲሳይ ስል “እንዲህ የሚባል ሰው አላውቅም” ብሎ ዘጋው።

ወደ አልቤርጎዬ ተመልሼ የጾም ሽሮ ቀርቦልኝ ሳልነካው ስቀመጥ ዘሐራ ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ሰው ጠፍቶብኝ ነው አልኳቸው፤ ስሙንና ዕድሜውን ነገርኳቸው። መርሳ እህት አለቻቸው፤ ደወሉላት። ስልኩ በጣም ስለሚጮህ እኔም ሰማሁ።

“ሲሳይ? ፓምፕ የሚጠግነው? ቫይረሱ ያለበት?”

አንድ ላቦራቶሪና አንድ ሐኪም በስድስት ወር ያላገኙትን ሰው ዘሐራ ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ አገኙት። ስልኩን ዘግተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“እህት ዓለም፣ ልጁ እኮ ያ በሽታ አለበት አሉ።”

“የለበትም። እኔ አውቃለሁ።”

“ወላሂ? ታዲያ ማን ነው አለበት ብሎ ያስወራው?”

ሽሮውን መብላት ጀመርኩ።

ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ወደ መርሳ ተመለስኩ። ከዚያ ባጃጅ የማንጎ ማሳዎቹ መሐል አደረሰኝ። ሾፌሩ ስሙን ስነግረው ከአጥሩ ሃምሳ እርምጃ ርቆ አቆመ። አጥሩ ሥር ሦስት የውሃ ፓምፖች ተደርድረዋል። ከጎጆዋ የወጣው ሰው በዚያ ሙቀት እስከ አገጩ የሚደርስ ሹራብ ለብሷል። ቀጭን ነው፤ አንገቱ ግን ከትከሻው እኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም።

“ፓምፕ ከሆነ እዚያው አጥሩ ጋ ያስቀምጡት” አለኝ ከሩቅ።

“ፓምፕ አላመጣሁም። ከአዲስ አበባ፣ ከላቦራቶሪው ነው የመጣሁት። የአንገትህ ቁራጭ የተመረመረበት።”

ቆመ። ከዚያ አንድ ማንጎ አጥቦ ቅጠል ላይ አድርጎ ድንጋይ ላይ አስቀመጠልኝና ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ሄደ። እንግዳ የሚያስተናግደው እንደዚያ ነበር። አንስቼ በላሁት። እንዲያየኝ ብዬ ነው የበላሁት፤ እሱም ገብቶታል።

“ገበሬዎቹ ፓምፑን አጥሩ ጋ ጥለው ይሄዳሉ፤ ስጨርስ አጥሩ ጋ አደርግላቸዋለሁ” አለኝ። “በፓምፕ እንደማይጋባ ግን ያውቃሉ። ባያውቁ አያመጡትም ነበር።” ፈገግ ያለ መሰለኝ።

“ሐኪምህ ዘንድ ውጤቱን ይዘህ ለምን አልሄድክም?”

“የቱን ውጤት?”

“ወረቀቱን። ፎቶውን።”

“እኔ ወረቀት አላየሁም። የሚስቴ ወንድም መኮንን ነው አየሁ ያለው። ወልድያ የተመላለስነው በሱ መኪና ስለሆነ ቁጥሩን ሰጥተን ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ቤቴ ባዶ ነው፤ ሚስቴን ወስደዋታል። የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች። ‘ቫይረስ አለብህ’ አሉኝ። እሺ አልኩ። ጤና ጣቢያ ሄጄ የቫይረሱን መድኃኒት ስጡኝ አልኩ። መረመሩኝና ‘ነፃ ነህ፣ ደስ ይበልህ’ አሉኝ። በወሩ ሄድኩ፤ ነፃ ነህ። በሦስተኛው ነርሷ ተቆጣችኝ፤ ‘የሌለብህን በሽታ ምን ታሳድደዋለህ’ አለችኝ። አንገቴ እንዲህ ሆኖ፣ ላቡ ልብሴን እያስጨመቀኝ፣ እኔ ነፃ ነኝ።”

ነገርኩት። ካንሰር መሆኑን፣ አዲስ አበባ ሕክምና እንዳለው፣ ቫይረሱ ሌላ እንደሆነ፣ ፎቶውን የላክሁት እኔ እንደሆንኩ። የመጨረሻውን ስናገር መሬት ላይ ተቀመጠ። የሚሰድበኝ መስሎኝ ጠበቅኩ።

“ካንሰር ነው ብለው ቢነግሯቸው ኖሮ” አለ፣ “ሰው መጥቶ ይጠይቀኝ ነበር።”

ከዚያ ስለ ሚስቱ አወራልኝ። እናትነሽ ትባላለች። ከወለደች ሦስት ወር አልፏታል። ሴት ልጅ መሆኗን ሰምቷል፤ ክርስትና መነሳቷንም ሰምቷል። አላያትም።

“ነገ አማቶችህ ዘንድ እሄዳለሁ” አልኩት።

“አማቴ አያ ይመር አይሰሙዎትም። መሄድ ከፈለጉ ግን ይሂዱ። ለእኔ የሚብስ ነገር የለም።”

ሐሙስ

የአያ ይመር መንደር ከመርሳ በላይ፣ እስከ ተራራው ግርጌ በባጃጅ ከተሄደ በኋላ ከአንድ ሰዓት በላይ በእግር የሚወጣበት ነው። ግማሽ መንገድ ላይ የጫማዬ ሶል ተገነጠለ። ጭነት ተሸክማ የምትወርድ ሴት አየችኝና ሸክሟን አውርዳ፣ ካሰረችበት የቃጫ ገመድ ላይ በጥርሷ በጥሳ ጫማዬን ጠፍንጋ አሰረችልኝ። የሸክሟ ማሰሪያ ማጠሩን አይቼ ተሳቀቅኩ። “አብሽሪ፣ እኔ ቁልቁል ነኝ፤ አንቺ ነሽ ሽቅብ” አለችኝ። እኛ ሰፈር ደረጃ ላይ የወደቀ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የሚቀርጸውን ስልክ ነው።

አያ ይመር ሰባ የሞላቸው፣ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ገበሬ ናቸው። ከየት እንደመጣሁ ሳልናገር የማሽላ እንጀራ በሽሮ ቀረበልኝ። “መጀመሪያ ብዪ” አሉኝ። ግማሹን እንደበላሁ መኮንን ገባ። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ድምፄን ሰምቶ ፊቱ ተለወጠ። ያኔ ማንነቴን ተናገርኩ።

መንገዱን ሁሉ ስዘጋጅበት የመጣሁትን ነገር ጀመርኩ።

“አያ ይመር፣ ከንፈርዎ ላይ ምች ወጥቶብዎት ያውቃል?”

“ስንቴ!”

“ልጆችዎስ ጉድፍ ወጥቶባቸዋል?”

“ያልወጣበት የለም።”

“አልማዝ ባለጭራስ?”

እጃቸው ወደ ጎናቸው ሄደ። “አምና እዚህ ጋ አቃጥሎኝ ነበር።”

“እነዚህ ሁሉ የአንድ ዘር ቫይረሶች ናቸው። በሲሳይ ንፍፊት ውስጥ የተገኘውም ከዚያው ዘር ነው። ሰዎች የሚያስቡት ኤችአይቪ አይደለም። ይሄኛው በምራቅ ነው የሚተላለፈው፤ አብዛኛውን ሰው በሕፃንነቱ፣ እናቱ ስትስመው፣ ከአንድ ዕቃ ሲበላ ያገኘዋል። ምንም ሳያደርገው ነጭ የደም ሴሎቹ ውስጥ ገብቶ ዕድሜውን ሙሉ ይተኛል። አንዳንዱን ወጣት ለጥቂት ሳምንት ንፍፊቱን ያሳብጠውና ይተወዋል። ከስንት አንዱ ላይ ግን ያደረበትን ሴል የመሞቻ ጊዜው ሲደርስ ‘አትሙት፣ ተባዛ’ ይለዋል። ሰውነት ያንን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ሴሉም ሌላ ጉዳት ሲጨመርበት ካንሰር ይሆናል። ካንሰሩ ደግሞ ወደ ሰው አይጋባም። ቫይረሱ ከሆነ፣ እዚህ ቤት ያለን ሰዎች ሁላችንም አለብን ማለት ይቻላል።”

ወጥ ቤት በር ላይ የቆሙት የአያ ይመር ባለቤት አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

“እህቴም?” አለ መኮንን።

“አንተም። እኔም።”

“ቆይ” አሉ አያ ይመር። “እኔ ሰባ ዓመቴ ነው። በኔ ላይ ካለ እኔን ለምን እንደሱ አላደረገኝም?”

መዋሸት እችል ነበር። “አላውቅም” አልኳቸው። “እሱን መርጦ እርስዎን ለምን እንደተወ ሐኪሞቹም አጣርተው አያውቁትም።”

“አታውቅም” አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው። “ሰማህ? አላውቅም አለች።”

በዚህ መሐል ከጓዳ አንዲት ሴት ሕፃን አቅፋ ወጣች። እናትነሽ መሆኗን ማንም አልነገረኝም።

“አራት ጊዜ ደሜን ሰጥቻለሁ” አለችኝ፤ ድምፅዋ አልተነሳም። “አራቴም ነፃ ነሽ የሚል ወረቀት አምጥቻለሁ። አባቴ ወረቀቱን አያምኑም፣ ፎቶውን ያምናሉ። ማን ነው ፎቶውን የላከው?”

“እኔ ነኝ።”

“አንቺ ነሽ?”

“አዎ።”

“እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ለእኔ ብትልኪው አነበው ነበር። ባላነበው እንኳ ለሱ እሰጠው ነበር።”

መኮንን ብድግ አለ። “ወልድያ መድኃኒት ቤት ላለ ሰው አሳየሁት። ሁለተኛዋን መስመር በጣቱ ነካና ‘ቫይረስ፣ ፖዘቲቭ’ አለኝ። ሌላውን አላነበበልኝም። ከስልኬ ላይ አጠፋሁት። እህቴ እርጉዝ ነበረች! አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?”

የመጀመሪያዋን መስመር አስነብብ ነበር ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እኔም እኮ ደውዬ አላነበብኩለትም። “ነገ ጠዋት በደሴ አውቶቡስ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ይዤው እሄዳለሁ” አልኩ።

አያ ይመር ሲሸኙኝ እስከ ደጃፉ መጡ። የጫማዬን ገመድ አይተው ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን አጠበቁልኝ። “ልጄ፣ ክፉ ሴት አትመስዪኝም” አሉኝ። “እሱ ይታከም፤ ከዳነ ያኔ ይምጣ። ያለዚያ ግን ልጄን አልሰጥም። አገሩ ሁሉ የሰማውን እኔ ብቻዬን እንዴት አድርጌ አልሰማሁም እላለሁ?”

ሲሳይ ጋ ስመለስ ምን እንዳሉ አልጠየቀኝም። ልብሱን በማዳበሪያ ከረጢት ከትቶ ነበር። የጨረሳቸውን ፓምፖች አጥሩ ጋ ደርድሮ፣ በየአንዱ ላይ የባለቤቱን ስም በኖራ ጽፎባቸዋል።

ዓርብ

መርሳ መናኸሪያ ላይ የደሴን አውቶቡስ ስንጠብቅ እናትነሽ መጣች። ከመንደሩ በእግሯ ነው የወረደችው፤ እግሯ አቧራ ለብሷል። ከኋላዋ የተከተላት ሰው የለም። ሕፃኗን በጀርባዋ አዝላ፣ በአንድ እጇ ትንሽ ዘንቢል ይዛለች። ሲሳይ ሲያያት ተነሳ።

“እሄዳለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። ማንንም አላስፈቀድኩም” አለችው። ከዚያ አንቀልባዋን ፈትታ ልጅቱን ወደ እሱ ዘረጋቻት።

ሁለት እጆቹን ወደ ኋላው አደረገ። የሻይ ሻጮቹ፣ ረዳቶቹ፣ ሁሉም ያያሉ።

“ያዛት እንጂ፣ ሲሳይ።”

“ትቆይ።”

“ምንም አትሆንም” አልኩት እኔ። “ከትናንት በስቲያ ነግሬሃለሁ። ቫይረሱ ከማንም ምራቅ የምታገኘው ነገር ነው፤ ሕመምህም አይጋባም።”

“ገብቶኛል” አለኝ። “ሁሉም ነገር ገብቶኛል። እጄ ነው እምቢ ያለኝ።”

እናትነሽ ልጅቱን ትንሽ ዘርግታ ቆይታ ወደ ደረቷ መለሰቻት። አውቶቡሱ ውስጥ ሦስት ሰው በሚያስቀምጠው ወንበር ላይ እኔና እሷ ተቀመጥን። እሱ አልፎን የመጨረሻው ረድፍ ሄደ። አጠገቡ ባዶ ቦታ ነበር፤ ረዳቱ ሰው ሊያስቀምጥበት ሲል ከሚሳፈሩት ሁለቱ ቆመን እንሄዳለን አሉ።

ሐይቅ ስንደርስ ሰው ሲወርድ ሲሳይ ወደ እኛ መጥቶ ከወንበራችን ኋላ ቆመ። ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣

“እህቴ፣ ስሟን ማን አሏት?” አለኝ።

“እናቷ እዚሁ ናት፣ ጠይቃት” አልኩት።

እናትነሽ ዞር ሳትል መለሰችለት። “አያቷ ያወጡላት ስም አለ። አንተም ያሰብከው ስም ካለህ ንገራት፤ እስከ አሁን አልሰማችውም።”

ደሴ እስክንገባ ድረስ ቆሞ ሄደ። የወንበራችንን ብረት አልለቀቀም።

አዲስ አበባ የተቀበለችን የካንሰር ሐኪም የአንገቱንና የደረቱን ምስል አየች። ሣጥኗን ስሰጣት በጥጥ እንደጠቀለልኳት ነበረች፤ አንዲት መስታወት ብቻ ጎማ የፈነዳ ዕለት ተሰንጥቃለች። “ከስድስት ወር በፊት ቢሆን…” አለችና ተወችው። በሽታው ከአንገቱ ወደ ደረቱና ወደ ጣፊያው ወርዷል። ስድስት ዙር መድኃኒት ወሰደ። አንገቱ ቀነሰ፤ አሁን ሹራብ አይለብስም። ደረቱ ውስጥ ግን ያልጠፋ ነገር አለ። የሚቀጥለው መድኃኒት ጠንከር ያለ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ይገኛል፣ አንዳንድ ጊዜ የለም።

ለኃላፊዬ ያደረግኩትን ተናገርኩ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ የሚገባኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ውጤት በፎቶ አይላክም። የውጤቱ ወረቀት ግን እንደ ድሮው በእንግሊዝኛ ነው። “ፖዘቲቭ” የሚለው ቃል ሥር አንዲት የአማርኛ መስመር እንጨምር ብዬ ሁለት ጊዜ ጠይቄያለሁ። ቅጹ እንደሚታይ ተነግሮኛል።

ሲሳይና እናትነሽ ሆስፒታሉ አጠገብ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተዋል። አያ ይመር አልመጡም። መኮንን አንድ ጊዜ አንድ ከረጢት ማንጎ በር ላይ አስቀምጦ ሄዷል። ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። እናትነሽ ምንጣፉ ላይ አተር ትለቅማለች፤ ሲሳይ ግድግዳውን ተደግፎ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ልጅቱ መዳህ ጀምራለች። አየችውና እየሳቀች ወደ እሱ ዳኸች። እንዳትነካው እግሩን ሰበሰበ።